የታርፖንን ጉዞ ተከትሎ ወደ ፍሎሪዳ ኪስ፦ ጉዞውን በወር፣ በጨረቃና በባሕሩ ሙላት ማቀድ

ከማያሚ በስተ ደቡብ ተነሥተው እስከ ኪ ዌስት ከተማ በድልድይ የተያያዙት የፍሎሪዳ ኪስ ደሴቶች ዙሪያቸውን ከጉልበት እስከ ወገብ በሚደርስ ጥርት ያለ የባሕር ውሃ የተከበቡ ናቸው። በዚህ ውሃ ላይ ዓሣው ሲመጣ በዓይን ስለሚታይ አጥማጁ ያየውን ዓሣ መርጦ መንጠቆውን ይወረውርለታል። ነገር ግን ትልልቆቹ ዓሦች ዓመቱን ሙሉ እዚያ አይቀመጡም፤ ስለዚህ ዕቅዱ መጀመር ያለበት መሥሪያ ቤት ከሚሰጠው የዕረፍት ቀን ሳይሆን ዓሣው ከሚመጣበት ወቅት ነው።

በቅድሚያ የሚፈለገውን ዓሣ መወሰን ያስፈልጋል። ቦንፊሽ የተባለው ፈጣንና ድንጉጥ ዓሣ በጸደይና በመከር ወራት በደንብ ይገኛል፤ በክረምት ቀዝቃዛ ነፋስ ሲመጣና ውሃው ሲበርድ ግን ወደ ጥልቁ ይሸሻል። ፐርሚት የተባለው ዓሣ ደግሞ በጸደይ ለመራባት ወደ ኮራል ድንጋዮችና ወደ ሰጠሙ መርከቦች አካባቢ ስለሚወጣ፣ እርሱን የሚፈልግ ሰው ከመሄዱ በፊት ያለውን ማርችን ወይም ከተመለሰ በኋላ ያለውን የበጋውን መጨረሻ ቢመርጥ ይሻላል። ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚሄድ ሰው ግን እኔ ያለ ማመንታት የምመክረው ታርፖን የተባለውን ትልቅ ዓሣ ነው፤ የዓሣው ጉዞ እጅግ የተደራጀና ወቅቱም የታወቀ ነውና።

ታርፖን ውሃው ወደ 24 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲቃረብ ወደ ደሴቶቹ መጠጋት ይጀምራል። ከኤፕሪል አጋማሽ እስከ ጁን መጨረሻ ቁጥሩ እጅግ ይበዛል፤ በጁላይ ይቀንሳል። በዚህ ጊዜ ከ45 ኪሎ በላይ የሚመዝኑ ዓሦች ተከታትለው በደሴቶቹ ውጫዊ ጠርዝ፣ ነጩ አሸዋ ከባሕሩ ሣር ጋር በሚገናኝበት መስመር ያልፋሉ፤ ከዚያም ሙሉ ጨረቃና አዲስ ጨረቃ በሚሆኑባቸው ቀናት አቅራቢያ ለመራባት ወደ ጥልቁ ባሕር ይወጣሉ። ሜይ ለብዙዎቻችን ብዙ ጊዜ ፋሲካ ያለፈበት ወር ስለሆነ ከአትላንታም ሆነ ከዋሽንግተን ለሚነሣ ቤተሰብ አመቺ ነው፤ በወሩ መጨረሻ በሚውለው የሜሞሪያል ደይ በዓል ግን ማረፊያ ቦታ ስለሚጣበብና መንገዱ ስለሚጨናነቅ ያንን ሳምንት መዝለል ይበጃል።

ወሩ ከተመረጠ በኋላ የጨረቃው አቆጣጠር ይከተላል። በሙሉ ጨረቃና በአዲስ ጨረቃ ሰሞን የባሕሩ ሙላትና ጉድለት ስለሚሰፋ የውሃው ፍሰት ይበረታል፤ ዓሣውም ከፍሰቱ ጋር ይንቀሳቀሳል። ውሃው የሚሞላበት ሰዓት በየቀኑ 50 ደቂቃ ያህል ስለሚዘገይ፣ ሰኞ ጠዋት መልካም የነበረው ቦታ በሳምንቱ መጨረሻ በዚያው ሰዓት ባዶ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ከመሄድ በፊት የሚያድሩበትን አካባቢ የሙላት ሰንጠረዥ አውጥቶ ውሃው የሚንቀሳቀስባቸውን የጠዋት ሰዓታት ምልክት ማድረግ ይገባል። በሜይ መጨረሻና በጁን በአንዳንድ ምሽቶች ፓሎሎ የሚባለው ቀላ ያለ ትል ከባሕሩ ወለል ወጥቶ ወደ ላይ ሲዋኝ ታርፖኖቹ ሌላውን ምግብ ሁሉ ትተው እርሱን ብቻ ይለቅማሉ፤ ይህም ከጨረቃው ጋር ተያይዞ ውሃው በሚወርድበት የፀሐይ መግቢያ ሰዓት ላይ ይሆናል።

ጀልባና ካፒቴን መከራየት ለእንግዳ ሰው ወጪው ቢከብድም ተገቢ ነው። የታወቁ ካፒቴኖች የሜይና የጁን ቀናት ብዙ ጊዜ ከዓመት በፊት ስለሚያዙ ቀደም ብሎ መነጋገር ያሻል። በአካባቢው አድራሻ የሚነገረው ከኪ ዌስት ዜሮ ብሎ በሚጀምረው የማይል ምልክት ስለሆነ፣ ማራቶን የተባለችው ከተማ ወደ 50፣ አይላሞራዳ የተባለችው መንደር ወደ 82 እንደሚሆኑ ማወቅ ማረፊያን ከካፒቴኑ ወደብ አቅራቢያ ለመምረጥ ይረዳል። ፈቃድ ካለው ካፒቴን ጋር በኪራይ ጀልባ የሚያጠምድ ሰው የራሱ ፈቃድ አያስፈልገውም፤ ከድልድይ ወይም ከዳርቻ የሚያጠምድ የሌላ ስቴት ነዋሪ ግን የፍሎሪዳን የጨዋማ ውሃ ማጥመጃ ፈቃድ አስቀድሞ ማውጣት አለበት፤ ለ3 ቀን፣ ለ7 ቀን ወይም ለዓመት ይሰጣል።

በቀኑ ውስጥ ዓይን ከክንድ ይበልጣል። የውሃውን ነጸብራቅ የሚቆርጥ ፖላራይዝድ መነጽር፣ በተለይም ቡናማ መስታወት ያለው፣ ከውድ የማጥመጃ ዘንግ ይቀድማል። ታርፖን አየር ለመሳብ ወደ ውሃው ገጽ ብቅ ብሎ ስለሚገለበጥ በጸጥተኛ ማለዳ የጀርባው ብር መሰል ብልጭታ ከሩቅ ይታያል። መንጠቆው ከዓሣው ፊት ቀደም ብሎ፣ ከመንገዱም አለፍ ብሎ ይወረወርና ዓሣው ሲደርስ ከፊቱ እየሸሸ እንዲሄድ ተደርጎ ይሳባል፤ ወደ ዓሣው የሚመጣ ምግብ የለምና፣ ማባበያው ወደ እርሱ ከተጠጋ ይደነግጣል። ተይዞ ሲዘል ዘንጉን ወዲያው ወደ ዓሣው ዝቅ በማድረግ ክሩን ማላላት ያስፈልጋል፤ ክሩ እንደ ተወጠረ ከሆነ መንጠቆው ከአጥንታሙ አፉ ይነቀላል ወይም ክሩ ይበጠሳል።

ዓሣ ይዞ ለመመለስ ያሰበ ሰው ይህን አስቀድሞ ይወቅ፦ በፍሎሪዳ ቦንፊሽ ተይዞ መለቀቅ አለበት፤ ታርፖንም ለክብረ ወሰን በሚሰጥ ልዩ መለያ ካልሆነ በስተቀር እንዲሁ ይለቀቃል፣ ከ40 ኢንች የሚበልጥ ከሆነም ከውሃ ማውጣት የተከለከለ ነው። ፐርሚትም በደቡብ ፍሎሪዳ ከኤፕሪል እስከ ጁላይ አይወሰድም። ፎቶ ቢፈለግ ዓሣው በውሃ ውስጥ እንዳለ በጀልባው ጎን ይነሣ፤ ትግሉም እንዳይረዝም ጠንካራ ዘንግና ክር ይያዝ፤ የደከመ ታርፖን በአካባቢው ለሚያደፍጡት ሻርኮች ቀላል ምግብ ይሆናልና። ሻርክ ከታየ ክሩን ወዲያው ቆርጦ ዓሣውን ነጻ ማድረግ ያስፈልጋል።