ባለ 78 ዙር ሸክላ በእጅ በተሠራ ማጫወቻ እንዴት ይሰማል?

የድሮ ሸክላ ኖሯችሁ ማጫወቻ ካጣችሁ፣ ምናለሽ ተራ ከሚለቃቀም ዕቃ አንድ መሥራት ትችላላችሁ። ፍጥነቱ ቢዛባ፣ ድምፁ ቢንሿሿ ኋላ ኮምፒውተር ላይ ይስተካከላል። መርፌ የፋቀው ሸክላ ግን አይመለስም። ስለዚህ ሞተሩን ብዙ አታስቡበት፤ ጭንቀታችሁን ለመርፌው አቆዩት።

መጀመሪያ ሸክላውን ለዩ። እዚህ የምናወራው ስለ ባለ 78 ዙሩ፣ በደቂቃ 78 ጊዜ ስለሚዞረው፣ ብቻ ነው። ከበድ ይላል፣ አይታጠፍም፣ ሲወድቅ እንደ ሰሃን ይሰበራል፤ የተለመደው መጠን አንዱ ፊቱ 3 ደቂቃ ገደማ ነው የሚይዘው። በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ ጀርመን አገር ያስቀረጿቸው ዘፈኖች የወጡት በዚህ ዓይነት ሸክላ ነው። (እሱን የያዘ ሰው ካለማ ይህን ጽሑፍ ትቶ ወመዘክር ቢሄድ ይሻላል።) አምሃ ሪከርድስ እ.ኤ.አ. ከ1969 ጀምሮ ያወጣቸው ትንንሽ ባለ 45 ዙሮች ግን ፕላስቲክ ናቸው። መርፌው የሚሄድበት ቦያቸውም በጣም ቀጭን ነው። እነሱን በዚህ መሣሪያ እንዳትነኩ።

ሸክላውን ለብ ባለ ውሃና በአንድ ጠብታ የዕቃ ሳሙና፣ በለስላሳ ብሩሽ እጠቡት። መሃሉ ላይ ያለው ወረቀት አይርጠብ። አልኮልና ሳኒታይዘር በፍጹም! ሸክላው የተሠራበት ሙጫ አናጢዎች በአልኮል የሚያሟሙት ጎማላካ ነው። ፊቱ ዓይናችሁ እያየ ይሟሟል።

ለመዞሪያው የተበላሸ የሸክላ ማጫወቻ ሰሃን ካገኛችሁ ግልግል ነው። ካልሆነ የኬክ ማስጌጫ መዞሪያ ይሠራል፤ ኩሽኔታው የማይንገጫገጭ ይሁን። ሞተሩን ከድሮ ካሴት ቴፕ አውጡ። ብዙዎቹ የቴፕ ሞተሮች በ12 ቮልት በደቂቃ 2400 ጊዜ ይዞራሉ፣ ፍጥነታቸውንም ራሳቸው ይጠብቃሉ። ፑሊው (የሞተሩ ዘንግ ላይ ያለው ትንሽ መዘውር) 8 ሚሊሜትር፣ ሰሃኑ 25 ሴንቲሜትር ስፋት ካላቸው ወደ 77 ዙር ይመጣላችኋል። የቀረውን በሞተሩ ጀርባ ባለችው ትንሽ ቀዳዳ በኩል በቀጭን መፍቻ አስተካክሉ። ማገናኛው ጠንካራ የስፌት ክር ይሁን። ከጎማ የተቆረጠ ቀበቶ አልወድም፤ ውፍረቱ እኩል ስለማይሆን ድምፁን ያወዛውዘዋል።

ፍጥነቱን ለመለካት ዙሪያውን በእኩል ርቀት የተሰመሩ 77 መስመሮች ያሉት ክብ ወረቀት አትሙና ሸክላው ላይ አስቀምጡ። የእኛ መብራት 50 ኸርዝ ስለሆነ አምፖሉ በሰከንድ 100 ጊዜ ይርገበገባል። መስመሮቹ የቆሙ ከመሰሉ 77.92 ላይ ናችሁ። አንዳንድ የኤልኢዲ አምፖል ስለማይርገበገብ በሸምበቆ መብራት ሞክሩት።

አሁን ወደ ዋናው እንምጣ። ድምፅ የሚለቅመው ፒዬዞ ነው፤ ከድሮ ስልክ ወይም ከሚጮህ መጫወቻ ውስጥ የሚወጣው ስስ የናስ ክብ። ብዙ ሰው ይህን ክብ አጋድሞ ከሥሩ መርፌ ይለጥፍበታል። ከዚያ ጫጫታ ብቻ ይሰማና «ሸክላው አልቋል» ይላል። ሸክላው አላለቀም። በተለመደው ባለ 78 ዙር ላይ ቦዩ መርፌውን የሚያወዛውዘው ወደ ግራና ቀኝ ነው፤ የተጋደመ ፒዬዞ ደግሞ የሚሰማው ከላይ ወደ ታች ያለውን ንዝረት ነው። ስለዚህ ፒዬዞውን አቁሙት። አንዱ ፊቱ ወደ ሸክላው መሃል፣ ሌላው ወደ ውጭ ይመልከት። የላይኛውን ጠርዝ ክንዱ (መርፌውን ሸክላው ላይ የሚይዘው ዘንግ) ላይ አጥብቃችሁ እሰሩ፤ መርፌውን የታችኛው ጠርዝ ላይ በኢፖክሲ ለጥፉ። መርፌው ወደ ጎን ሲሄድ ክቡ ይታጠፋል፤ ያኔ ሙዚቃው ይወጣል። ሽቦውን በስታኞ ስትበይዱ ፈጠን በሉ፤ ነጩ ሴራሚክ ሙቀት አይችልም።

የስፌት መርፌ አትጠቀሙ። ጫፉ ስለታም ስለሆነ የቦዩን ወለል ይቆፍራል። የድሮ ግራማፎን የብረት መርፌም ቢሆን ለአንድ ፊት ብቻ ነው፤ ሸክላው ውስጥ ያለው የድንጋይ ዱቄት ይሞርደዋል፣ የተሞረደው ጫፍ ደግሞ ቀጣዩን ሸክላ ይፍቃል። እኔ የምመርጠው ቀርከሃ ነው። በግራማፎን ዘመንም ለሸክላቸው የሚሳሱ ሰዎች ይጠቀሙበት ነበር። በደንብ የደረቀ ቀርከሃ ሰንጥቁ፣ ባለ ሦስት ማዕዘን ቀጭን ዘንግ አድርጉት፣ ጫፉን በሰያፍ ቁረጡ። ሹሉ ጠንካራው የውጪ ልጥ ላይ ይረፍ። በየፊቱ በደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት ሳሉት። ቀጭኑ ድምፅ ትንሽ ይቀንሳል፣ ፍሽፍሽታውም አብሮ ይቀንሳል። መርፌው ሸክላው በሚሄድበት አቅጣጫ ዘንበል ይበል፤ ተጎታች እንጂ ቆፋሪ አይሁን።

ክንዱ ቀላል የእንጨት ዘንግ ይሁን፤ ከመሃል ያለፈ ቦታ ላይ በሹል ብሎን ጫፍ ተደግፎ በነፃነት ይንቀሳቀስ። ከኋላው ከባድ ብሎን አንጠልጥሉና ክብደቱን አመዛዝኑ። የወርቅ መመዘኛ ዓይነት ትንሽ ዲጂታል ሚዛን ግዙ፤ በሌላው ቆጥቡ፣ በዚህ ግን አትቆጥቡ። ሲለካ የሚዛኑ ፊት ከሸክላው እኩል ከፍታ ላይ ይሁን፣ አለበለዚያ ቁጥሩ ይዋሻል። ከ10 እስከ 15 ግራም ጀምሩ። መርፌው ከዘለለ መጀመሪያ የክንዱን መገጣጠሚያ ፈትሹ፤ ክብደት መጨመር የመጨረሻው ነው። የጥንቱ ግራማፎን ራስ ከ100 ግራም በላይ ይጫን ነበር፤ ስንቱን ሸክላ እንደጨረሰ አስቡት። ኢንተርኔት ላይ የሚዞረው፣ ጫፉ ላይ መርፌ የተሰካበት የወረቀት ጡሩንባም ለተሰበረ ሸክላ ካልሆነ አይሞከር።

ፒዬዞውን በቀጥታ የላፕቶፑ ማይክ ላይ አትሰኩት፤ ወፍራሙን ድምፅ ይበላዋል። የጊታር መሰኪያ ያለው የድምፅ ካርድ ወይም የጊታር አምፕሊፋየር ይፈልጋል።

ቅጂውን ኦዳሲቲ በሚባለው ነፃ የድምፅ መቅጃ ፕሮግራም ላይ በሞኖ (በአንድ ቻናል) ውሰዱ። ሸክላው በ78 ከዘለለባችሁ በ45 አጫውቱና ፍጥነቱን በ73.3 በመቶ ጨምሩ። የጥንቶቹ ሁሉም በትክክል 78 ላይ አልተቀረጹም፤ ከ70 ምናምን እስከ 80 በላይ አሉ። ስለዚህ መጨረሻ ላይ የዘፋኙን ድምፅ በጆሯችሁ ፍረዱት። ጫጫታ ማጽጃውን ስትነኩ በቁጠባ ይሁን፤ ከበዛ ዘፋኙ ባልዲ ውስጥ የገባ ይመስላል። ያልተነካውን ፋይል ለብቻው አስቀምጡ።