የአሮጌ ሞተር ሳይክል ሬጉሌተር ሲቀየር የሚሠሩ ስህተቶች

ከአለምገና እስከ ሰበታ፣ ከለገጣፎ እስከ ሰንዳፋ ባለው መንገድ ዳር ያሉት ትናንሽ ጋራዦች «ባትሪዬ አይሞላም» ተብሎ የመጣ ሞተር ላይ መጀመሪያ የሚቀይሩት ሬጉሌተሩን ነው። አይፈረድባቸውም፤ በሁለት ብሎን ታስሮ በአንድ ሶኬት የሚነቀል ዕቃ ነውና ከሁሉም ይቀላል። ችግሩ ያው ሞተር በወሩ አዲሱንም አቃጥሎ ሲመለስ ነው። «ዕቃው ፌክ ነበር» ይባላል። አንዳንዴ እውነት ነው። ብዙ ጊዜ ግን አሮጌውን የገደለው ነገር ሳይነካ ስለቀረ አዲሱንም ገድሎታል።

ሬጉሌተሩ ሁለት ሥራ አለው። ከስታተሩ፣ ማለትም ማግኔቱ ከሚዞርበት ጥቅል ሽቦ የሚመጣውን ኤሲ (አቅጣጫው የሚቀያየር ከረንት) ባትሪ ወደሚሞላው ዲሲ (ባለ አንድ አቅጣጫ ከረንት) ይለውጣል፤ ዙር ሲጨምር አብሮ የሚወጣውን ቮልት ደግሞ 14 ተኩል አካባቢ ላይ ይይዘዋል። በአብዛኞቹ አሮጌ ሞተሮች ላይ ያለው ዓይነት ትርፉን ኃይል የሚያስወግደው ስታተሩን ሾርት እያደረገ ነው፤ ስለዚህ ይግላል። መጋሉ ብልሽት ሳይሆን ሥራው ነው። ማምለጫ ያጣ ሙቀት ግን ይገድለዋል።

ሳይለኩ መንቀል

ርካሽ ዲጂታል ቴስተር ይበቃል። ከባትሪው ጀምሩ። ሞተሩ ቆሞ ካደረ በኋላ 12.6 ቮልት ካሳየ ሙሉ ነው፤ 12.4 ሦስት አራተኛ ያህል ነው፤ 12.0 እና ከዚያ በታች ባዶ ነው። ባዶ ከሆነ በቻርጀር ሞልታችሁ አሳድሩት። ሞልቶ አድሮ ጠዋት ከወረደ የሞተው ባትሪው ነው፤ ሬጉሌተሩን ተዉት። የሱሉልታ የጠዋት ብርድ ደካማ ባትሪን ቶሎ ያጋልጣል፤ ቀን ላይ በደንብ የሚያስነሳ ባትሪ ማለዳ እምቢ ስላለ ብቻ ቻርጅ የለውም ማለት አይደለም።

ባትሪው ደህና ከሆነ ሞተሩን አስነሱ፣ ፓውዛውን (የፊት መብራቱን) አብሩ፣ ዙሩን በደቂቃ ወደ 5,000 አድርሳችሁ የባትሪው ፖል ላይ ለኩ። ከ14.0 እስከ 14.5 ጤና ነው። ከ15 በላይ ከሆነ ገደቡ ጠፍቷል፤ ጥፋቱ የሬጉሌተሩ ወይም የማሳው (ወደ ባትሪው ኔጋቲቭ የሚመለሰው መስመር) ወይም ከቁልፉ ወደ ሬጉሌተሩ የሚመጣው ሽቦ ነው። ከ13 በታች ከሆነ ግን ገና አትፍረዱ፤ ስታተሩም፣ የተቃጠለ ሶኬትም፣ ፊውዝ ቤቱም ያንኑ ቁጥር ያሳያሉ።

ስታተሩን ለመለየት የሬጉሌተሩን ሶኬት ንቀሉና ቴስተሩን ኤሲ ላይ አድርጉ። ሦስት ቢጫ ሽቦ ካለ ሁለት ሁለቱን እያጣመራችሁ ሦስት ጊዜ ለኩ። በ5,000 ዙር ብዙዎቹ ከ50 ቮልት በላይ ይሰጣሉ፤ ከቁጥሩ መጠን ይልቅ ግን የሦስቱ መቀራረብ ነው ዋናው። አንዱ ጥንድ ከሌሎቹ በጣም ካነሰ ጥቅሉ ተቃጥሏል፤ አዲስ ሬጉሌተር አያድነውም። መብራታቸው በቀጥታ ከስታተሩ በሚሠራ ትናንሽ ሞተሮች ላይ ይህን ልኬት ስታደርጉ ፓውዛውን ማጥፋት አትርሱ። የመብራቱንም ቮልት የሚገድበው ሬጉሌተሩ ስለሆነ፣ እሱ ተነቅሎ ዙር ከተሰጠ አምፖሉ ቦግ ብሎ ያልፋል።

ባትሪ ነቅሎ «ቻርጅ አለ የለም» ማለት

ይህ ከአሮጌ የዲናሞ መኪና የተወረሰ ልማድ ነው። ሞተሩ እየሠራ የባትሪው አንድ ፖል ይነቀላል፤ ካልጠፋ «ቻርጅ አለው» ይባላል። በሞተር ሳይክል ላይ ልኬቱ ምንም አይናገርም፤ ሲዲአዩ (ካንዴላውን የሚያቀጣጥለው የኤሌክትሮኒክስ ሳጥን) የራሱ ጥቅል ያለው ሞተር ቻርጅ ኖረም አልኖረም ባትሪ ሳይኖረው መሥራቱን ይቀጥላል። ጉዳቱ ግን እውነተኛ ነው። ባትሪው የቮልቱን ግፊት የሚያረግብ ትራስ ነው፤ እሱ ሲነሳ ቮልቱ በቅጽበት ይዘላል፣ አዲሱ ሬጉሌተር፣ ሲዲአዩና አምፖሉ ያንን ይቀበላሉ። የሬጉሌተሩን ቀይ ሽቦ ቴላዮ (የሞተሩ የብረት አጽም) ላይ ጫር አድርጎ ብልጭታ ማየትም ከዚህ አይለይም። ውስጡ ኤሲውን ዲሲ የሚያደርገው ዳዮድ እንዲሞት አንድ ብልጭታ ይበቃዋል።

በሶኬቱ መልክ መግዛት

አብዛኛው ገንዘብ የሚባክነው እዚህ ላይ ነው። መርካቶ አሮጌውን ይዞ ሄዶ «ይህን የሚመስል» ማለት ለብሎን ይሠራል። ሬጉሌተር ላይ ሶኬቱ ገባ ማለት ተስማማ ማለት አይደለም። አራት እግር ያላቸው፣ መልካቸው አንድ የሆነ፣ ውስጣቸው ግን ፈጽሞ የተለያየ ሬጉሌተሮች አሉ።

ልዩነቱን የሚወስነው ስታተሩ ነው። ሞተሩ ጠፍቶ፣ ሶኬቱ ተነቅሎ፣ ቴስተሩ ኦም ላይ ሆኖ፣ ከስታተር የሚመጣውን እያንዳንዱን ሽቦ ከኢንጂኑ ብረት ጋር ለኩ።

ከብረቱ ጋር ጭራሽ ካልተገናኘ ስታተሩ ተንሳፋፊ ነው። ሁለት ሽቦ ካለው ባለ አንድ ፌዝ፣ ሦስት ካለው ባለ ሦስት ፌዝ ሬጉሌተር ይፈልጋል፤ ሁለቱም የኤሲውን ማዕበል ሁለት ግማሽ ይጠቀማሉ።

ከ2 ኦም ያነሰ ካሳየ የጥቅሉ አንድ ጫፍ ማሳ ላይ ተበይዷል። የሆንዳ ሲጂ 125 ዝርያ የሆኑት ሞተሮችና ብዙዎቹ የቻይና ቅጂዎቻቸው እንዲህ ናቸው። የእነሱ ሬጉሌተር ከማዕበሉ ግማሹን ለባትሪ ይወስዳል፣ በሌላው እግሩ የመብራቱን ቮልት ይገድባል። እዚህ ላይ ለተንሳፋፊ ስታተር የተሠራውን «የተሻለ ነው» ብሎ መግጠም ጥቅሉን በየዙሩ በማሳ በኩል ሾርት ማድረግ ነው። ባትሪው አሁንም ትንሽ ትንሽ ስለሚሞላ ማንም አይጠረጥርም፤ ከጊዜ በኋላ የማግኔት ክዳኑ ሲከፈት ጥቅሉ ከሰል መስሎ ይገኛል። የግድ መቀየር ካማራችሁ ማሳ ላይ የተበየደው ጫፍ ተነስቶ በራሱ ሽቦ መውጣት አለበት፣ መብራቱም ወደ ባትሪ መዞር አለበት። የግማሽ ቀን ሥራ ነው፤ ጥሩ ኤሌትራውቶ ይጠይቃል።

በፈረንጆቹ 1970ዎቹ የተሠሩ ትናንሽ ሞተሮች ብዙዎቹ 6 ቮልት ናቸው፤ ባትሪው ላይ ሳታነቡ 12 ቮልት ሬጉሌተር አትግዙ። 6 ቮልቱ ሲሞላ 7.2 አካባቢ ይቆማል፤ 12ቱ ግን እስከ 14 ስለማይገድብ ባትሪውን ያፈላዋል። አንዳንድ ትልልቅ አሮጌ ሞተሮች ደግሞ ቋሚ ማግኔት የላቸውም፤ በምትኩ ባትሪ የሚያነቃው የፊልድ ጥቅል አላቸው። ሬጉሌተራቸው ያንን ጥቅል የሚቆጣጠር ስለሆነ ከላይ ካሉት አንዱም አይተካውም። ማግኔቱን አውጥታችሁ ካቻቢቴ አስጠጉ፦ አጥብቆ ከሳበ ቋሚ ማግኔት ነው።

የሽቦ ቀለም ማመን

ሆንዳ ላይ ማሳ አረንጓዴ ነው፣ ጥቁር ደግሞ ቁልፍ ሲዞር ኃይል የሚመጣበት ነው። ያማሃ ላይ ጥቁር ማሳ ነው፣ በቁልፍ የሚመጣው ቡናማ ነው። የሆንዳ ሬጉሌተር ያማሃ ላይ ጥቁርን ከጥቁር ያገናኘ ሰው ምን እንዳደረገ አስቡት። ሱዙኪ ማሳው ጥቁር ነጭ መስመር ያለው፣ ባጃጅ ጥቁር ቢጫ መስመር ያለው ነው። ይህ ሁሉ ደግሞ ሽቦው ካልተቀጠለ ነው፤ ሃያ ዓመት የሠራ ሞተር ላይ ቀዩ ሽቦ መሃል ላይ ሰማያዊ ሆኖ ይቀጥላል።

ስለዚህ ከሞተሩ በኩል ያለውን ሶኬት በቴስተር ጠይቁት። ቁልፉ ጠፍቶም 12 ቮልት ያለው የባትሪው ነው። ቁልፍ ሲዞር ብቻ 12 የሚያሳየው የመቆጣጠሪያው ሽቦ ነው፤ ሁሉም ሞተር የለውም። ከቴላዮ ጋር ዜሮ ኦም የሚያሳየው ማሳ ነው። የቀሩት የስታተሩ ናቸው። አንድ ጫፉ ማሳ ላይ የታሰረ ስታተር ካላችሁ ግን እሱም ከቴላዮ ጋር ዝቅተኛ ኦም ስለሚያሳይ ተጠንቀቁ፤ የሚያጠራው ሞተሩን አስነስቶ ኤሲ መለካት ነው። ከዚያ በኋላ የባትሪውን ማሳ መጀመሪያ ነቅላችሁ፣ መጨረሻ አስራችሁ ሥሩ። የባትሪው ፖል ለአንድ ሰከንድ ቢገለበጥ አዲሱ ሬጉሌተር እዚያው ያበቃለታል።

ማሳውን ቀለም ላይ ማሰር

ብዙ አሮጌ ሬጉሌተሮች የማሳ ሽቦ የላቸውም፤ አካላቸው ራሱ ማሳ ነው። ቴላዮው አዲስ ቀለም ተቀብቶ ከሆነ ሬጉሌተሩ በቀለም ላይ ተቀምጦ በብሎኑ ጥርስ ብቻ ይገናኛል። የሚቀመጥበትን ቦታ በብርጭቆ ወረቀት እስኪያበራ ፋቁ፣ እሰሩ፣ ዳር ዳሩን ቫዝሊን ወይም ግሪስ ቀቡት። ከዚያም ከሬጉሌተሩ ብሎን እስከ ባትሪው ማሳ ፖል ድረስ 2.5 ስኩዌር ሚሊሜትር ሽቦ በቀጥታ ዘርጉ። የቴላዮውን ዝገት አልፎ መሄድ የለበትም።

መፈተኛው ቀላል ነው፦ ሞተሩ በ4,000 ዙር እየሠራ፣ መብራት በርቶ፣ አንዱን የቴስተር ጫፍ የባትሪው ማሳ ላይ ሌላውን የሬጉሌተሩ አካል ላይ አድርጉ። ከ0.2 ቮልት በላይ ካሳየ ማሳው ደካማ ነው።

ጠምዝዞ በናስትሮ መጠቅለል

የተነቀለ የቢጫዎቹን ሽቦዎች ሶኬት አንሱና እዩት። ነጭ የነበረው ፕላስቲክ ቡናማ ሆኖ፣ አንዱ ቀዳዳ ጠርዙ ቀልጦ፣ መዳቡ ደግሞ አረንጓዴ ከለበሰ ሬጉሌተሩን የገደለው እዚህ አለ። 10 አምፔር በሚያልፍበት ሽቦ ላይ 0.1 ኦም የላላ ግንኙነት ካለ 10 ዋት ሙቀት የክብሪት ቤት በምታክል ሶኬት ውስጥ ይፈጠራል። ያ ሙቀት በሽቦው መዳብ በኩል ወደ ሬጉሌተሩም ይሄዳል።

አዲሱን ሬጉሌተር በተቃጠለው ሶኬት ላይ መሰካት ወይም ሶኬቱን ቆርጦ ሽቦውን ጠምዝዞ በናስትሮ መጠቅለል አንድ ነው። ናስትሮው በሙቀት ማጣበቂያው ይቀልጣል፣ የክረምቱ ጭቃ ውሃ ይገባል። የሽቦውን ጫፍ ጥቁር ያልሆነ ንጹሕ መዳብ እስኪመጣ ቁረጡ፣ ተርሚናሉን በመቆንጠጫ ፒንሳ አጥብቁ፣ በሙቀት የሚሸበሸብ ቱቦ አልብሱ። በስታኞ ብትበይዱም ይሠራል፤ ብየዳው ካለቀበት ላይ ሽቦው በንዝረት እንዳይሰበር አጠገቡ እሰሩት። ፊውዝ ቤቱንም እግረ መንገዳችሁን እዩ።

ቁልፉ የሚበላው ቮልት

የመቆጣጠሪያ ሽቦ ያላቸው ሬጉሌተሮች የባትሪውን ቮልት የሚያውቁት በቁልፉ በኩል ነው። የአሮጌ ቁልፍ ነጥቦች ተበልተው 0.8 ቮልት ከዋጡ፣ ሬጉሌተሩ 14.4 የሚያየው ባትሪው 15.2 ላይ ሲደርስ ነው። ሬጉሌተሩ ምንም አላጠፋም። ባትሪው ግን ይፈላል፣ ውሃው ይጎድላል፣ የበሰበሰ እንቁላል ይሸታል፤ የሚወጣው ጋዝ ስለሚነድ አጠገቡ ብልጭታም ሲጋራም አይቅረብ። ቁልፉ በርቶ ከባትሪው ፖዘቲቭ እስከ መቆጣጠሪያ ሽቦው ድረስ ያለውን ልዩነት ለኩ። ግማሽ ቮልት ካለፈ ቁልፉን አጽዱ ወይም ቀይሩ፤ ካልሆነም ሽቦውን ቁልፍ በሚከፍተው ሪሌ (በኤሌክትሪክ የሚሠራ ማብሪያ) በኩል ከባትሪ አምጡ።

ነፋስ የማያገኝ ቦታ

ሬጉሌተሩን ከመቀመጫ ሥር፣ ከባትሪው ጎን፣ ከጭቃ መከላከያው ጀርባ አትግጠሙት። አዲስ አበባ ዙሪያ ከፍታው 2,300 ሜትር አካባቢ ስለሆነ አየሩ ከባሕር ዳርቻው በአንድ አምስተኛ ገደማ የሳሳ ነው፤ የሚያቀዘቅዘውም ያነሰ ነው። የሬጉሌተሩ ማቀዝቀዣ ክንፎች ወደ ነፋሱ ይዙሩ፣ ጀርባው አልሙኒየም ወይም ወፍራም ላሜራ ይንካ። ክንፎቹ መሃል የደረቀ ጭቃ ብርድ ልብስ ነው። ፓውዛውን በኤልኢዲ የቀየሩ ሰዎች ደግሞ «ጭነቱን አቀለልኩለት» ይላሉ። ሾርት በሚያደርገው ዓይነት ላይ ነገሩ ተገላቢጦሽ ነው፤ መብራቱ ያልወሰደውን ሬጉሌተሩ ይውጠዋል።

ሳይነቀል ማስበየድ

ጄሪካን ለመጫን ፖርቶመጋላ ማስበየድ የተለመደ ነው። የብየዳው ከረንት በቴላዮው ሲያልፍ ሬጉሌተሩንና ሲዲአዩን ሊያገኛቸው ይችላል። ሁለቱንም የባትሪ ፖሎች፣ የሬጉሌተሩን ሶኬትና የሲዲአዩን ሶኬት ንቀሉ፤ የብየዳውን ማሳ ከሚበየደው ቦታ አጠገብ እሰሩ። ሁለት ደቂቃ ነው።

ቀዝቅዞ ሳለ ለክቶ መሸኘት

ደካማ ሬጉሌተር ሲቀዘቅዝ 14.3 ያሳያል፣ ሲግል ወደ 12.8 ይወርዳል ወይም ወደ 16 ይሮጣል። ከገጠማችሁ በኋላ አንዴ ለኩ፣ ሞተሩን ሃያ ደቂቃ ያህል ነድታችሁ ተመለሱ፣ ሳይጠፋ በሚኒሞ (ጋዝ ሳይሰጥ) እና በ5,000 ዙር ደግማችሁ ለኩ። ሁለቱን ቁጥሮች ከቀኑ ጋር በማርከር ከመቀመጫው ሥር ጻፉ። በሚቀጥለው ጊዜ መብራቱ ሲደበዝዝ ከምን እንደወረደ ታውቃላችሁ።