ከካቶሊክ ትምህርት ቤት ስምንተኛን ጨርሶ ዘጠነኛ ለሚገባ ልጅ የክረምት ዝግጅት

ሚኒስትሪ ተፈትኖ ክረምት ሲገባ ወላጅ ከሁለት አንዱን ያደርጋል፤ ልጁን ለእርሻ ይሰደዋል፣ አለዚያም አስጠኚ ቀጥሮ የዘጠነኛን መጽሐፍ ከምዕራፍ አንድ ያስጀምረዋል። ሁለተኛው ከመጀመሪያው ብዙም አይሻልም። ዘጠነኛ ላይ ልጅን የሚጥለው አዲሱ ትምህርት ከመሆኑ በፊት ከሰባተኛና ከስምንተኛ ተንጠልጥሎ የመጣው ክፍተት ነው፤ ከዚያ ቀጥሎ ቋንቋው። ጎጃም ውስጥ ደግሞ ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ወዲህ በጦርነቱ ትምህርቱ የተቆራረጠበት ልጅ ስላለ፣ ካርዱ ላይ ያለው ውጤት ብቻውን አይታመንም።

ስለዚህ ሐምሌ እንደገባ 20 የሒሳብ ጥያቄ አውጡለት፤ አምስት ክፍልፋይ፣ አምስት ነጌቲቭ ቁጥር፣ አምስት «ኤክስን ፈልግ»፣ አምስት ፐርሰንት። ያለ ካልኩሌተር በ40 ደቂቃ ይሥራ። ከአምስቱ ሁለት የሳተበት ርዕስ ካለ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት የዚያ ናቸው። ስታርሙ መልሱን ብቻ ሳይሆን አሠራሩን እዩ። −3 − 5 = 8 ብሎ የጻፈ ልጅ ሰነፍ አይደለም፤ «ማይነስ በማይነስ ፕላስ» የሚለውን የማባዛት ሕግ መደመርና መቀነስ ላይ አምጥቶት ነው። የ3 ብር ዕዳ ላይ የ5 ብር ዕዳ ሲጨመር ምን እንደሚሆን ጠይቁት። ግማሽና ሲሶን ደምሮ 2/5 ካለ ደግሞ ደንቡን ከመድገማችሁ በፊት «ግማሽ እንጀራ ላይ ሲሶ ተጨምሮ እንዴት ከግማሽ አነሰ?» በሉት። ራሱ ይስቃል፣ ስህተቱንም አይረሳውም።

ዋናው ሥራ ግን እንግሊዝኛው ነው። ከዘጠነኛ ጀምሮ ከአማርኛ በቀር ትምህርቱ ሁሉ በእንግሊዝኛ ነው። ጠቅላላ ሳይንስ ብሎ በአንድ መጽሐፍ የተማረው ትምህርት ፊዚክስ፣ ኬሚስትሪና ባዮሎጂ ሆኖ ይከፋፈላል፤ ኢኮኖሚክስም ይጨመራል። ለዚህ የንግግር እንግሊዝኛ ኮርስ አይረዳም፤ «ሃው አር ዩ» ማለት የቻለ ልጅ «ስቴት» እና «ኤክስፕሌን» የሚሉትን ትዕዛዞች ሳይለይ ማርክ ያጣል። የመጀመሪያው በአጭሩ ጥቀስ ሲል ሁለተኛው ምክንያቱን አስረዳ ይላል።

ከዚህ የባሰው አማርኛችን በአንድ ቃል የሚጠራቸው፣ ፊዚክስ ግን የሚለያያቸው ነገሮች ናቸው። ስፒድም ቨሎሲቲም «ፍጥነት» ናቸው፤ ቨሎሲቲ ግን አቅጣጫም አለው። በገበያ «ክብደቱ 50 ኪሎ» የምንለው ለፊዚክስ መምህሩ ማስ (የቁሱ መጠን) ነው፤ ዌይት የሚለው ምድር የሳበችበትን ኃይል፣ በኃይል መለኪያው ወደ 490 ኒውተን ገደማ፣ ነው። ዎርክ ደግሞ ሥራ ነው ተብሎ ይተረጎማል፤ ነገር ግን ጤፍ ተሸክሞ በሜዳ መንገድ እኩል እየተራመደ ላቡ የሚንጠፈጠፈው ሰው፣ ሸክሙን ወደ ላይ የያዘበት ኃይል የሠራው ዎርክ ዜሮ ነው፤ ኃይሉ ወደ ላይ፣ ጉዞው ወደ ፊት ነውና። እንዲህ ያሉትን ጥንዶች በአንድ ደብተር ጎን ለጎን አስጽፉት።

በዚሁ ደብተር በቀን 8 ቃል፣ በሳምንት 6 ቀን ይመዝገብ፤ በስምንት ሳምንት 384 ይሆናል። ቃሉ ከመዝገበ ቃላት ሳይሆን ከስምንተኛ ወይም ከዘጠነኛ መጽሐፍ ይውጣ፣ የነበረበትም ዓረፍተ ነገር አብሮ ይጻፍ። በሳምንት ሦስት ቀን አንድ አንቀጽ ያንብብ፣ መጽሐፉን ይክደንና ያነበበውን በሦስት የእንግሊዝኛ ዓረፍተ ነገር ይጻፍ። በየመስመሩ አናት ላይ አማርኛውን እንዳይጽፍ ከልክሉት። ገጹ በአማርኛ ከተሞላ ዓይኑ ወደዚያው ይሄዳል፣ እንግሊዝኛውን ሳያነበው ይቀራል።

ከገጠር መጥቶ ቤት ተከራይቶ ለሚማር ልጅ ስንቁም የትምህርቱ አካል ነው። እንጀራ ከሦስት አራት ቀን በላይ አይሰነብትም፤ በእርጥብ ወቅት ቶሎ ይሻግታል። ለሳምንቱ መጨረሻ ድርቆሽ፣ በሶና ቆሎ ይያዝ። ሽሮ ማብሰል የማያውቅ ልጅ፣ ወንድ ልጅም ቢሆን፣ ነሐሴ ላይ ይማር።

ለወረቀቱ ጳጉሜን አትጠብቁ። የስምንተኛ ክፍል ሰርተፊኬት፣ መሸኛ፣ ጉርድ ፎቶና የልደት ምስክር ወረቀት ሦስት ሦስት ኮፒ ይኑሩት። ብዙ ጊዜ የሚያውከው ስም ነው። አንዱ ወረቀት ላይ የክርስትና ስም፣ ሌላው ላይ የቤት ስም ይገኛል፤ የእንግሊዝኛው ፊደልም ይለያያል። ይህን ዛሬ ማስተካከል ይቀላል፣ አስራ ሁለተኛ ክፍል ላይ ግን ራስ ምታት ነው። ሁሉም ከልደት ምስክር ወረቀቱ ጋር አንድ ይሁን።

የእምነቱን ነገር በመጨረሻ ብናነሳውም ቀላል አይደለም። የካቶሊክ ትምህርት ቤት ያስተማረው ልጅ ሁሉ ካቶሊክ አይደለም፤ ካቶሊክ የሆነው ግን የመንግሥት ትምህርት ቤት ሲገባ ከክፍሉ ብቻውን ሊሆን ይችላል። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 90 ትምህርት ከሃይማኖት ተጽዕኖ ነፃ ሆኖ እንዲሰጥ ስለሚል ሃይማኖቱን ከክፍል አይጠብቅ። «ካቶሊክ ማለት ምንድን ነው?» ሲባል በሁለት ዓረፍተ ነገር መመለስ ይልመድ፤ ቅዳሴያችን በግእዝ ሥርዓት ነው፣ አንድነታችን ከሮም ጋር ነው። ከዚያ አልፎ ክርክር አይግባ።

የታሪክ ክፍለ ጊዜ ደግሞ አፄ ሱስንዮስን ያነሳል። እ.ኤ.አ. በ1618 ስፔናዊው የካቶሊክ ቄስ ፔድሮ ፓኤዝ ከንጉሡ ጋር የዓባይን ምንጭ፣ የሰከላን ግሽ ዓባይ፣ እንዳየ፣ በ1622 ሱስንዮስ ካቶሊክነታቸውን በይፋ እንዳወጁ፣ ብዙ ደም ከፈሰሰ በኋላ በ1632 የቀድሞውን የኦርቶዶክስ ሃይማኖት መልሰው ዙፋኑን ለልጃቸው ለፋሲለደስ እንደተዉ አስቀድሞ ከናንተ ይስማ። ደሙን ሳትሸሽጉ ንገሩት፤ ከክፍል ጓደኞቹ አፍ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሰማ ልጅ ወይ ያፍራል ወይ ይጣላል።

በሚሄድበት ከተማ ቁምስና ካለ በነሐሴ ወስዳችሁ ከአባ ጋር አስተዋውቁት። ከሌለ ቅርብ ያለውን የካቴኪስት (የሃይማኖት አስተማሪ) ስልክ በደብተሩ ሽፋን ውስጥ ጻፉለት፤ በወር አንድ እሑድ ለሚሄድበት መኪናም የመሳፈሪያውን ብር ከስንቁ ለይታችሁ ስጡት።