ተከታታይ የተማሪዎች ኮንሰርት በሐዋሳ፦ አዘጋጆች ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

በፌስቲቫል ሰሞን የኮሌጅ የሙዚቃ ተማሪዎች የተማሩትን ለሕዝብ እንዲያቀርቡ ተከታታይ ኮንሰርት ማዘጋጀት ለሐዋሳ የሚስማማ ሥራ ነው። ከተማዋ ከአዲስ አበባ 275 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ስለምትርቅ የተማሪዎች ቡድን ከነመሣሪያው በአንድ ቀን ሊደርስባት ይችላል፤ ሐይቁ ዳር ማታ ማታ የሚንሸራሸር ሕዝብ አላት፤ ነዋሪዎቿም ከብዙ አካባቢ የተሰባሰቡና ብዙ ዓይነት ዜማ ለመስማት የለመዱ ናቸው። ሆኖም በመምህርነትም ሆነ በአስተባባሪነት በተሳተፍኩባቸው እንዲህ ባሉ መድረኮች ላይ ተመሳሳይ ስህተቶች ሲደጋገሙ አይቻለሁ። አብዛኞቹ የሚቀዱት ከአንድ ምንጭ ነው፤ አዘጋጁ ተማሪውን ሊደመጥ የመጣ ሙዚቀኛ አድርጎ ሳይሆን የፕሮግራም ክፍተት መሙያ አድርጎ ያስበዋል።

ተማሪዎችን የታዋቂ ድምፃዊ ማሞቂያ ማድረግ

ስፖንሰር በቀላሉ ለማግኘት ሲባል የታወቀ ድምፃዊ ስም በባነሩ ላይ በትልቁ ይጻፋል፣ ተማሪዎቹም ከእሱ በፊት እንዲቀርቡ ይደረጋል። ሕዝቡ የሚመጣው ለድምፃዊው ስለሆነ ዘግይቶ ይደርሳል፣ ተማሪዎቹም ለባዶ ወንበር ይጫወታሉ፤ ድምፃዊው ቀደም ብሎ ከደረሰ ደግሞ የሚቆረጠው የእነሱ ሰዓት ነው። አራት ወር ሙሉ ሦስት ክፍል ያለው ሥራ ስታጠና የከረመች የቫዮሊን ተማሪ ሁለተኛውን ክፍል እንደጨረሰች ከመድረክ እንድትወርድ በእጅ ምልክት ሲሰጣት ተመልክቻለሁ። ልጅቷ ጎንበስ ብላ እጅ ነስታ ወረደች፤ ያልተጫወተችው ሦስተኛው ክፍል ግን ከሁሉም ይልቅ የደከመችበት ነበር።

ታዋቂ ሙዚቀኛ መጋበዙ በራሱ ስህተት አይደለም። የሚሻለው እንግዳው ከተማሪዎቹ ጋር አንድ ሥራ አብሮ እንዲጫወት፣ ይህም በምሽቱ መካከል እንዲሆን ማድረግ ነው። ያን ጊዜ ሕዝቡ ከመጀመሪያው ይገኛል፣ ተማሪውም ከአንጋፋው ጎን ቆሞ መጫወት ምን እንደሚመስል ይማራል።

ከዚሁ ጋር የሚሄደው ስህተት ማንም ቅር እንዳይለው በማለት በአንድ ምሽት 20 ተማሪ ማስለፍ ነው። በሦስት ደቂቃ ውስጥ ተጫዋቹ እጁ ሳይሞቅ፣ አድማጩም ጆሮውን ሳያዘጋጅ ሁሉ ነገር ያልቃል። ኮንሰርቱ ተከታታይ የሆነው ተማሪዎቹን በተለያዩ ምሽቶች ለማከፋፈል ስለሆነ፣ በአንድ ምሽት አራት ወይም አምስት ተጫዋች ለእያንዳንዱ 15 ደቂቃ ያህል ተሰጥቶት ቢቀርብ ይበቃል።

ቀኑን የከተማዋን ወቅቶች ሳይመለከቱ መቁረጥ

የኮሌጅ የትምህርት ሰሌዳ ብቻ ታይቶ የተቆረጠ ቀን ብዙ ጊዜ ከሌላ ነገር ጋር ይጋጫል። በታኅሣሥ 19 እና በሐምሌ 19 ለቅዱስ ገብርኤል በዓል ወደ ሐዋሳ እጅግ ብዙ ምእመናን ስለሚመጡ በእነዚያ ቀናት አካባቢ አልጋ ማግኘትም ሆነ መሣሪያ የጫነ መኪና ማንቀሳቀስ አስቸጋሪ ነው። 55 ቀን የሚቆየው ዐቢይ ጾም ለዘፈን ምሽት አይሆንም፤ በረመዳንም የአፍጥር ሰዓትን ያላገናዘበ ፕሮግራም ብዙ አድማጭ ያጣል። የሲዳማ ዘመን መለወጫ ፊቼ ጨምበላላ ደግሞ የተለየ ጥንቃቄ ይፈልጋል፤ ቀኑ በየዓመቱ በአያንቱዎች፣ ማለትም ሰማይን አይተው ቀን በሚቆጥሩ የሲዳማ አዋቂዎች፣ ምልከታ ስለሚወሰን ከዓመት በፊት በታተመ የቀን መቁጠሪያ ላይ ተመሥርቶ መድረክ መከራየት አይቻልም። ከተከታታዩ ምሽቶች መካከል አንዱን ክፍት አድርጎ መያዝ ከዚህ ዓይነቱ መጋጨት ያድናል።

ቅኝትን ያላገናዘበ የሥራዎች ቅደም ተከተል

እዚህ ላይ ሰፋ አድርጌ ልናገር፤ ምክንያቱም ይህ ስህተት በአድማጩ ዘንድ የተማሪው ችሎታ ማነስ ተደርጎ ይቆጠራል። ፕሮግራሙን የሚያወጣው ሰው አብዛኛውን ጊዜ ሥራዎቹን የሚደረድረው በተጫዋቹ ስም ወይም በሙቀታቸው ነው፤ ፈጣኑን ወደ መጨረሻ፣ ዝግተኛውን ወደ መጀመሪያ። ክራር ግን እንደ ኪቦርድ በአንድ ቁልፍ ድምፁን የሚለውጥ መሣሪያ አይደለም። ትዝታ ሜጀር በተባለው ቅኝት (የድምፆች አደራደር) ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ተብሎ የተቃኘ ክራር አምባሰል ወደተባለው ቅኝት ሲዞር ሬ ወደ ሬ ቤሞል (በግማሽ ድምፅ ወደ ወረደ ሬ)፣ ሚ ወደ ፋ፣ ላ ደግሞ ወደ ላ ቤሞል መለወጥ አለባቸው፤ ባሉበት የሚቆዩት ዶ እና ሶል ብቻ ናቸው። ከትዝታ ወደ አንቺሆዬ ቅኝት ሲዞር ደግሞ ሬና ሚ እንደ አምባሰሉ ተለውጠው ሶልም ግማሽ ድምፅ ትወርዳለች፣ ላ ግን አትነካም። ስለዚህ ከትዝታ ወደ አምባሰል፣ ከአምባሰል ወደ አንቺሆዬ፣ ከዚያም እንደገና ወደ ትዝታ የሚሄድ ቅደም ተከተል የክራር ተማሪውን በየመካከሉ አውታር ሲጠመዝዝ ያቆመዋል። አዲስ የተጠመዘዘ አውታር ደግሞ ወዲያው አይረጋም፤ ዘፈኑ ገና ሳይጋመስ መላላት ይጀምራል። በዚህ መሐል አስተዋዋቂው ዝምታውን ለመሙላት ማውራት ሲጀምር ተማሪው የራሱን አውታር እንኳ መስማት ያቅተዋል።

መፍትሔው ብዙ ወጪ የሚጠይቅ አይደለም። በአንድ ቅኝት ያሉ ሥራዎች ተያይዘው ይቅረቡ፤ ወይም በሌላው ቅኝት የተቃኘ ሁለተኛ ክራር ከመድረኩ ጀርባ ይዘጋጅ፤ ወይም ክራር ተጫዋቹ ሲቃኝ ፒያኖ ወይም ድምፅ ብቻ ያለበት ሥራ በመካከል ይግባ።

ዋሽንት ደግሞ የራሱ ጠባይ አለው። የአንድ ዋሽንት ድምፅ በርዝመቱና በቀዳዳዎቹ አቀማመጥ የተወሰነ ስለሆነ ተጫዋቹ ለተለያየ የድምፅ ከፍታ የተለያዩ ዋሽንቶች ይዞ ይዞራል። ስለዚህ ቡድኑ በልምምድ ሰዓት የትኛውን ዋሽንት እንደሚጠቀም ተወስኖ ክራሩና ማሲንቆው ከእሱ ጋር መቃኘት አለባቸው፤ መላላትና መወጠር የሚችሉት እነሱ ናቸውና። መሣሪያዎቹ ቀዝቀዝ ባለ ክፍል ተቃኝተው ፀሐይ ወዳለበት መድረክ ሲወጡ አየሩ የሞቀበት የዋሽንት ድምፅ ከፍ ይላል፣ በፀሐይ የሞቀ አውታር ግን ሊላላና ድምፁ ሊወርድ ይችላል። የማሲንቆ የፈረስ ፀጉርም በእርጥበት ይለዋወጣል፤ ሐይቅ ዳር ይህን መርሳት አይገባም። መሣሪያዎቹ ከመጫወቻው ሰዓት ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ቀደም ብለው በመድረኩ ጥላ ሥር ቢቀመጡና የመጨረሻው መቃኘት እዚያው ቢደረግ አብዛኛው ችግር ይቃለላል።

በገናን በተመለከተ አጭር ነገር ብቻ እላለሁ። ዐሥር አውታር ያለው በገና ድምፁ ለስላሳ፣ ቃሉም ጸሎት ነው፤ ከሳክስፎን ባንድ ቀጥሎ፣ ቢራ በሚቀዳበት ሜዳ ላይ ማስገባት ተማሪውንም መሣሪያውንም ያለ አግባብ ማንገላታት ነው። አንዱ ምሽት በአዳራሽ፣ በዝግታ፣ ለእሱ ይሰጠው።

ሐይቅ ዳር ያለውን ሜዳ እንደ አዳራሽ መቁጠር

በፍቅር ሐይቅ ወይም በአሞራ ገደል አካባቢ ምሽቱ ማራኪ እንደሆነ አልክድም፤ ለተማሪ ሙዚቀኛ ግን ገላጣ ቦታ ከባድ ነው። በአዳራሽ ግድግዳና ጣሪያ ድምፁን ይመልሱለታል፤ በሜዳ ላይ ግን ርቀቱ በእጥፍ በጨመረ ቁጥር ድምፁ 6 ዴሲቤል (የድምፅ ጉልበት መለኪያ) ያህል ይቀንሳል። በ5 ሜትር ላይ ጥርት ብሎ የሚሰማ ክራር በ20 ሜትር ላይ 12 ዴሲቤል አጥቶ ከሰው ወሬ በታች ይሆናል ማለት ነው። የድምፅ ባለሙያው ይህን ለማካካስ ማይኩን አብዝቶ ሲከፍተው ማይኩ የድምፅ ማጉያውን ድምፅ መልሶ ይወስድና መድረኩ ማፏጨት ይጀምራል። ድምፅ ማጉያዎቹ ከማይኮቹ ወደ ፊት ቀደም ብለው፣ ጀርባቸውን ለማይኮቹ ሰጥተው ወደ ሕዝቡ ዞረው መቀመጣቸው፣ ማይኩም ወደ ክራሩ ቆዳ በደንብ መቅረቡ ከማንኛውም ውድ ሚክሰር በላይ ይጠቅማል። ከሁሉ በፊት ግን ወንበሮቹን ወደ መድረኩ ማቅረብ ነው። ለክብር እንግዶች ተብሎ ከመድረኩ ፊት የሚተወው 10 ሜትር ባዶ ቦታ ለተማሪው ኮንሰርት ትልቅ ጉዳት ነው።

መድረኩ ሰፊ ስለሆነ ብቻ ተጫዋቾቹን በስፋቱ ልክ መበተንም እንዲሁ ስህተት ነው። ድምፅ በአየር ውስጥ በሰከንድ 340 ሜትር ያህል ስለሚጓዝ በመካከላቸው 10 ሜትር ያለ ሁለት ተጫዋቾች አንዱ የሌላውን ምት የሚሰማው ሦስት መቶኛ ሰከንድ ያህል ዘግይቶ ነው። ልምድ ያለው ባንድ በሞኒተር፣ ማለትም ወደ ተጫዋቾቹ በዞረ ድምፅ ማጉያ፣ ይወጣዋል፤ ተማሪዎች ግን ምታቸው መጎተት ይጀምራል፣ ለምን እንደሆነም አይገባቸውም። ከበሮው ከመሐል ሆኖ ሌሎቹ ዙሪያውን እርስ በርሳቸው በሚተያዩበት ርቀት ይቀመጡ።

ከሰዓት በኋላ ከሐይቁ በኩል የሚነሳ ነፋስም ኖታውን ይበትናል፣ በማይክም ላይ ይጮኻል። ለኖታው የልብስ መቆንጠጫ፣ ለማይኩ ስፖንጅ ማዘጋጀት በጣም ትንሽ ነገር ነው፤ ከስንት ጊዜ አንዴ ግን የሚያስታውስ ሰው ይገኛል።

መብራትን በተመለከተ፣ ጀነሬተር መኖሩን ማረጋገጥ ብቻ በቂ አይደለም። ድምፅ ማጉያው፣ መብራቱና ኪቦርዱ ሁሉም በአንድ ላይ በርተው በዋዜማው መሞከር አለበት፤ ኃይሉ የሚዋዥቅ ጀነሬተር ኪቦርድ ያጠፋል። ራሱ ጀነሬተሩ ከመድረኩ ራቅ ብሎ፣ ነፋሱ ጩኸቱን ወደ ሕዝቡ በማያመጣበት በኩል ይቁም። በእያንዳንዱ ምሽት ደግሞ ያለ ኤሌክትሪክ የሚቀርብ አንድ ሥራ፣ ለምሳሌ ክራር፣ ዋሽንትና ከበሮ፣ ተለማምዶ ተጠባባቂ ይሁን። መብራት በጠፋ ጊዜ ተማሪዎቹ ወደ መድረኩ ጫፍ ቀርበው ሲጀምሩ፣ ሕዝቡም ወንበሩን እየያዘ ሲጠጋ ያየሁበት ምሽት ከልቤ አይወጣም።

የሲዳማን ሙዚቃ ለመዝጊያ ጭፈራ ብቻ መጥራት

ፊቼ ጨምበላላ በኅዳር 2008 በዩኔስኮ የሰው ልጅ የማይዳሰሱ ባህላዊ ቅርሶች መዝገብ ላይ ሰፍሯል። በበዓሉ ጊዜ በጉዱማሌ የሚቀርበው ቄጣላ የራሱ ሥርዓት ያለው የኅብረት ዜማና እንቅስቃሴ ነው። ይህን የመሰለ ሀብት ባለበት ከተማ ተማሪዎች የባህል ልብስ ለብሰው በመጨረሻው ሦስት ደቂቃ እንዲጨፍሩ ብቻ ማድረግ ለባለቤቶቹ አክብሮት አይደለም፤ ለተማሪውም ምንም አያስተምረውም። የሚገባው ተማሪዎቹ ወራት ቀደም ብለው ከአካባቢው አባቶችና እናቶች ዘንድ ሄደው ዜማውን በቃላቸው እንዲያጠኑ፣ ቃሉን የሚያውቅ የሲዳምኛ ተናጋሪ ግጥሙን እንዲያርምላቸው፣ በኮንሰርቱም ምሽት ያስተማሯቸው ሰዎች ከፊት ወንበር እንዲቀመጡ ማድረግ ነው። የትኛው ዜማ ወደ ፌስቲቫል መድረክ ሊወጣ እንደሚችልና የትኛው በበዓሉ ቦታ ብቻ መቅረት እንዳለበት የሚወስኑትም እነሱ ናቸው።

ሳይጠይቁ መቅረጽ፣ ሳያስፈቅዱ መዝፈን

የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996፣ በአዋጅ ቁጥር 872/2007 እንደተሻሻለው፣ የደራሲውን መብት በሕይወት ዘመኑና ከሞተ በኋላ ለ50 ዓመት ይጠብቃል፤ ለከዋኙም፣ ማለትም ሥራውን ለሚጫወተው ወይም ለሚዘፍነው ሰው፣ የራሱ መብት ይሰጠዋል። ተማሪ መሆን ከከዋኝነት አያወጣም። ስለዚህ ቪዲዮው ለማስታወቂያ ወይም ለስፖንሰሩ ገጽ የሚውል ከሆነ የተማሪው ፈቃድ አስቀድሞ በጽሑፍ ይያዝ፤ የሌላ ሰው ዜማ የሚቀርብ ከሆነም ባለመብቱ ይጠየቅ፣ የገጣሚውና የዜማ ደራሲው ስምም በፕሮግራሙ ወረቀት ላይ ይስፈር።

የመጀመሪያውን ምሽት ሳያደምጡ ወደ ሁለተኛው መሻገር

ተከታታይ ኮንሰርት ከአንድ ምሽት ዝግጅት የሚበልጥበት ዋናው ነገር ስህተትን ለማረም ጊዜ መስጠቱ ነው፤ ይህን ዕድል የሚጠቀምበት አዘጋጅ ግን ጥቂት ነው። የመጀመሪያው ምሽት ሲያልቅ አዳራሹ ይጠረጋል፣ ሒሳብ ይወራረዳል፣ ከዚያ ሁሉም ወደየቤቱ ይሄዳል። በሚቀጥለው ሳምንትም ያው ማይክ ያፏጫል፣ ያው ፕሮግራም በ40 ደቂቃ ዘግይቶ ይጀምራል። በማግስቱ ጠዋት የድምፅ ባለሙያው፣ መምህሩና በሚቀጥለው ምሽት የሚጫወቱት ተማሪዎች አንድ ላይ ተቀምጠው የተቀዳውን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ያድምጡ። የትኛው መሣሪያ እንዳልተሰማ፣ የትኛው ሽግግር እንደረዘመ በሰዓት ተጽፎ ይያዝ። የተጫወቱት ተማሪዎችም የየራሳቸውን ቅጂ በዚያው ሳምንት ውስጥ ይረከቡ፤ ለሥራ ወይም ለከፍተኛ ትምህርት ሲያመለክቱ ከምስክር ወረቀታቸው ጋር የሚያያይዙት እሱን ነው።