ደሴ ላይ ውሃ 95 ዲግሪ አይደርስም፦ ኤምዲኤ ለክቶ የስኳር ሕመምተኛን ዓይን ለሚያጠና

የደም ስኳር ሲበዛ የሬቲና (ከዓይን ጀርባ ያለው ብርሃን ተቀባይ ሽፋን) ሕዋሳት ሚቶኮንድሪያ፣ ማለትም የሕዋሱ ኃይል ማመንጫዎች፣ ሱፐርኦክሳይድ የተባለውን ጎጂ የኦክስጅን ዓይነት ከልክ በላይ ያመነጫሉ። ሰውነት ማክሸፍ ሲያቅተው ቀጫጭኖቹን የደም ስሮች የሚደግፉት ፔሪሳይቶች ይሞታሉ፤ ስሩ ያብጣል፣ ያፈሳል። የዚህ ኦክሲዴቲቭ ስትረስ ርካሹ መለኪያ ከስብ መበላሸት የሚተርፈው ማሎንዲአልዴሃይድ፣ ባጭሩ ኤምዲኤ ነው። ችግሩ፣ ካልተጠነቀቁ ኤምዲኤ እዚያው ቱቦ ውስጥ ይፈጠራል።

ሬቲናቸው የተጎዳና ያልተጎዳ የስኳር ታማሚዎችን በሕመሙ ቆይታና በኤችቢኤዋንሲ (የወራት አማካይ የደም ስኳር መለኪያ) አቀራርቡ፤ አለዚያ የምትለኩት የቆይታን ልዩነት ነው። ሲጋራና የቫይታሚን እንክብል ይመዝገብ። አንዱን ቡድን በዐቢይ ጾም ወይም በረመዳን፣ ሌላውን በፍስክ መሰብሰብ ወሎ ውስጥ በቀላሉ የሚሠራ ስህተት ነው።

ለዓይን ምርመራው የዓይን ብሌን የሚያሰፋውን 1% ትሮፒካማይድ ጠብ አድርጋችሁ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ጠብቁ። ደረጃ የሚሰጠው ሐኪም የደሙን ውጤት ማየት የለበትም።

ደሙን ሌሊቱን ሳይበላ ካደረ ሰው ደም እንዳይረጋ በሚያደርግ ኢዲቲኤ ቱቦ ቅዱ፣ በረዶ ላይ አኑሩ፣ ቶሎ በሴንትሪፊዩጅ ለዩ። ፕላዝማው (ከሕዋሳት የተለየው የደም ፈሳሽ) ቀላ ካለ ጣሉት፤ ከፈረሰው ቀይ ሕዋስ የወጣው ብረት ኦክሲዴሽኑን ያባብሰዋል። ከኮምቦልቻ የምታመጡ ከሆነም እዚያው ለዩት፤ ያልተለየ ደም የሐረጎን ጠመዝማዛ እየተንገጫገጨ መውጣት የለበትም። ኦክሲዴሽኑን የሚገታ ቢኤችቲ ጨምሩበት፣ በትንንሽ ቱቦ ከፋፍላችሁ በ−80 ዲግሪ አስቀምጡ። መብራት ጠፍቶ የቀለጠ ናሙና ተመልሶ ቢበርድም አይታመንም።

ለ0.2 ሚሊ ሊትር ናሙና 0.2 ሚሊ 8.1% ኤስዲኤስ (ሳሙና መሰል ኬሚካል)፣ 1.5 ሚሊ 20% አሴቲክ አሲድ በፒኤች 3.5 እና 1.5 ሚሊ 0.8% ቲቢኤ (ከኤምዲኤ ጋር ተዋህዶ ቀለም የሚሰጥ ኬሚካል) ጨምራችሁ በውሃ 4 ሚሊ ሙሉት። መመሪያው 95 ዲግሪ ለ60 ደቂቃ ይላል። ደሴ ግን 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስላለች ውሃ በ92 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል፤ ዋተር ባዙን 95 ላይ ብታደርጉትም ይንተከተካል እንጂ ከዚያ አያልፍም። ባለብሎን ክዳን ቱቦና ድራይ ብሎክ (ያለ ውሃ ቱቦ የሚያሞቅ ብረት) ይሻላል። ከሌለ ስታንዳርዱን (መጠኑ የታወቀውን ማነጻጸሪያ)፣ ብላንኩን (ናሙና የሌለበትን ባዶ)ና ናሙናውን በአንድ ገንዳ፣ በአንድ ሰዓት አፍሉ፤ ዝቅ ብላ ካለችው ኮምቦልቻ ከተሠራ ንባብ ጋርም አትቀላቅሉት። አቀዝቅዛችሁ 532 ናኖሜትር ላይ አንብቡ። ቢሊሩቢን የተባለው የደም ቢጫ ቀለም ንባቡን ከፍ ስለሚያደርገው ቲቢኤ የሌለበት የናሙና ብላንክ አይቅር፤ ሌሎች አልዴሃይዶች የሚጨምሩትን ግን ይህ ብላንክ አያስወግድም።

ንባቡ ከፍ አለ ብላችሁ ታማሚውን ቫይታሚን ኢ ግዛ አትበሉት። ባንድ ቀን የተቀዳ ደም ከኦክሲዴቲቭ ስትረሱና ከሬቲናው ጉዳት የቱ እንደቀደመ አይናገርም፤ ሬቲናው ተጎድቶ የተገኘ ሰው መላክ ያለበት ወደ ዓይን ክፍል ነው።