ክላሱ ከተሰረዘ በኋላ መጮህና ሌሎች የኮሚዩኒቲ ኮሌጅ መምህራን ስህተቶች

ካሊፎርኒያ ውስጥ በኮሚዩኒቲ ኮሌጅ በትርፍ ሰዓት አስተምራለሁ። ሴሚስተሩ ሊጀመር ሳምንት ሲቀረው ስልክ ይደወላል። «ክላስህ ተሰርዟል፣ የተመዘገቡት 11 ብቻ ናቸው።» ከዚያ ኢሜይል ይዘንባል፣ ዲኑ ይታማል። እኔም አድርጌዋለሁ። ግን የዚያ ክላስ ዕጣ የወጣው ከወራት በፊት ነው፤ ስንት ክላስ ይከፈት፣ በየትኛው ቀንና ሰዓት ይሁን ሲባል ማናችንም አልነበርንም። ዋናው ስህተት ይሄ ነው።

ሁለተኛው ሴኔትን፣ ማለትም መምህራን በትምህርት ጉዳይ የሚወከሉበትን የኮሌጁን ምክር ቤት፣ ከዩኒየን፣ ማለትም ከሠራተኛ ማኅበሩ ጋር ማምታታት ነው። ደመወዝ፣ የሥራ ጫና፣ የክላስ መጠን የዩኒየን ድርድር ናቸው፤ መሠረቱ ሮዳ አክት የሚባለው የ1975ቱ የመምህራን የድርድር ሕግ ነው። አካዳሚክ ሴኔት ሥልጣኑን ያገኘው ከ1988ቱ ሕግ ነው። «አስር ፕላስ አንድ» የሚባለው ዝርዝሩ ካሪኩለምን፣ የዲግሪ መስፈርትን፣ የፕሮግራም ግምገማን ይዟል። የምዝገባ ዕቅድ፣ ማለትም ስንት ክላስ መቼ ይከፈት የሚለው፣ በስሙ እዚያ የለም። ስለዚህ ብዙ ሰው «አያገባንም» ብሎ ይተወዋል። ዝርዝሩ ላይ ግን ዕቅድና በጀት የሚሠራበት ሂደት አለ፣ በሩ እሱ ነው። ደግሞ የሴኔት ስብሰባ ለሕዝብ ክፍት ነው፣ አጀንዳውም ከ72 ሰዓት በፊት መለጠፍ አለበት። ተናዳችሁ ስትገቡ ያነሳችሁት ነገር አጀንዳ ላይ ከሌለ የዚያን ቀን አይወሰንም።

ሦስተኛው ስህተት ሰው ቆጥሮ «ሞልቷል» ማለት ነው። ኮሌጁ የሚከፈለው በዋናነት በኤፍ ቲ ኢ ኤስ፣ ማለትም በሙሉ ጊዜ ተማሪ ልክ ተሰልቶ ነው። አንዱ 525 ሰዓት ነው፤ በሳምንት 15 ሰዓት ለ35 ሳምንት። 30 ተማሪ የያዘ፣ በሳምንት 3 ሰዓት የሚሰጥ ክላስ እንውሰድ። 30 በ3፣ ከዚያ በ17.5 ሳምንት ሲባዛ 1575 ይሆናል፤ ለ525 ስታካፍሉት 3 ነው የሚወጣው። 30 ሰው አይታችሁ 3! ይሄ ስሌት ሲገባኝ ነው የዲኖቹ ቋንቋ የተገለጠልኝ። ቆጠራው ደግሞ የሴሚስተሩ አንድ አምስተኛ ገደማ ሲያልቅ፣ በሴንሰስ ቀን ነው። ከዚያ በፊት የወጣ ተማሪ አይቆጠርም፤ የጠፋውን ከዝርዝር ማስወጣትም የመምህሩ ግዴታ ነው። ስለዚህ የመጀመሪያዎቹ ሦስት ሳምንታት ላይ የቀረ ተማሪ ካለ «የት ጠፋህ?» ብሎ መጻፍ ዋጋ አለው።

የአምናውን ፕሮግራም ቀድቶ መለጠፍም አለ። ነርሲንግ ሊገቡ የሚጣደፉትን የኛን ልጆች ጠይቋቸው። አናቶሚና ኬሚስትሪ ሁለቱም ማክሰኞ ረፋድ ላይ ይወድቃሉ፣ የማታው ደግሞ የለም። ሌሊት ሠርታ የወጣች እናት የትኛውን ትውሰድ? ተጠባባቂ ዝርዝሩን ማየት፣ ሁለቱ የትምህርት ክፍሎች ተነጋግረው ሰዓት መለያየት፣ በቃ ይሄው ነው።

በቁጥር ብቻ መሰረዝም እንዲሁ። 9 ተማሪ ያለበት ክላስ የዲግሪው የመጨረሻ ኮርስ ከሆነ፣ ሰረዛችሁት ማለት ዘጠኝ ሰው ምረቃውን አራዘማችሁ ማለት ነው። ከ2018 ወዲህ ያለው የበጀት ቀመር ደግሞ ለሚያጠናቅቁ ተማሪዎችም ይከፍላል። ዝቅተኛው ቁጥር ስንት ነው፣ ቁጥሩ ባይሞላም የማይሰረዘው የትኛው ክላስ ነው፣ የመጨረሻው ቀን መቼ ነው፣ ይሄ ሁሉ ምዝገባ ሳይከፈት በጽሑፍ ይቀመጥ።

የመጨረሻዋ እኛን የትርፍ ሰዓቶቹን ትመለከታለች። በአንድ ዲስትሪክት፣ ማለትም በአንድ የኮሌጆች አስተዳደር ሥር፣ የሙሉ ጊዜ መምህር ከሚይዘው ጭነት 67 በመቶ በላይ ማስተማር አይፈቀድልንም፣ ስለዚህ በሁለት ሦስት ኮሌጅ መካከል መኪና ውስጥ እንኖራለን። የሙሉ ጊዜው ሰው ክላሱ ሲሰረዝበት ብዙ ጊዜ የሚወስደው የኛን ነው። እንዲህ ሆኖም «እኔ እንግዳ ነኝ» ብለን ከሴኔት እንቀራለን። እኔ ባለሁበት ለትርፍ ሰዓት መምህራን የተያዘች አንድ ወንበር ነበረች፤ ሁለት ዓመት ሙሉ ባዶዋን ስታድር፣ አጠገቧ ሻይ ይቀዳባት ነበር።