መኪናዋ ወደ አንድ ጎን ስታጋድል፦ ጥፋተኛውን መፈለግ

አሮጌዋ ቶዮታ ኮሮላ ዲኤክስ መኪናዬ አንድ ቀን ጠዋት በሹፌሩ በኩል ዝቅ ብላ ጠበቀችኝ። ጎማ የተነፈሰ መስሎኝ ነበር፤ አልተነፈሰም። መካኒኩ የኋላዋን ሁለቴ ጫን ጫን አደረገና «ሾኳ አልቋል» አለኝ። ሁለት አዲስ የኋላ ሾክ አብሶርበር ገዝቼ አስገጠምኩ። ማጋደሏ ግን ያው ነው።

ነገሩ ቀላል ነበር። የመኪናን ክብደት የሚሸከመው ሞላ፣ ማለትም የተጠቀለለው ስፕሪንግ ነው፤ ፒካፕ ከሆነ ደግሞ ከኋላ ባሌስትራ፣ ማለትም የተደራረበው የብረት ቅጠል። ሾክ የሞላውን ዝላይ ያረጋጋል እንጂ የወረደ ጎን አያነሳም።

ስለዚህ ከመግዛት በፊት መለካት። ለጥ ያለ ወለል ፈልጉ፤ ማደያ ብዙ ጊዜ አይጠፋበትም። ዕቃ አራግፉ። የግራና የቀኝ ጎማ ቁጥራቸው አንድ መሆኑን፣ ነፋሳቸውም እኩል መሆኑን እዩ። መኪናዋን ወደፊትና ወደኋላ ትንሽ ነድታችሁ አቁሙና አራቱንም ጥግ ጫን እያደረጋችሁ ልቀቁ። ከዚያ ከጎማው እምብርት እስከ ፓራፋንጎው (ከጎማው በላይ ያለው ላሜራ) ጠርዝ ቀጥ አድርጋችሁ ለኩ። ከመሬት አትለኩ፤ የጎማ ልዩነት ያሳስታችኋል። እስከ 1 ሳንቲ ሜትር ድረስ ያለ ልዩነት አሮጌ መኪና ላይ ብዙም አያስጨንቅም። ተጋጭታ ላሜራ የተሠራች ከሆነች ግን ፓራፋንጎውን አትመኑት፤ ከሥር ከሻንሲው ለኩ።

የኔዋ ከፊትም ከኋላም በግራ 2 ሳንቲ ሜትር ገደማ ወርዳለች። ብዙ ሰው የሚሸወደው እዚህ ላይ ነው። የመኪና አካል አንድ ሳጥን ነው። ኋላው ሲያጋድል ፊቱም አብሮ ያጋድላል። ሜትሩ ማጋደሏን እንጂ የትኛው ጫፍ እንዳጋደላት አይነግራችሁም።

የሚለየው ክሪክ ነው። የፊት ጎማዎቹን በድንጋይ አስደግፉ። ከኋላ፣ በግራና በቀኝ እኩል መሃል ላይ፣ ጠንካራ ቦታ ፈልጋችሁ ሁለቱም ጎማዎች መሬት እስኪለቁ አንሱ። ሥር አትግቡ። አሁን ፊቱን ለኩ። ፊቱ እኩል ከሆነ ጥፋቱ ከኋላ ነው። አሁንም ካጋደለ ከፊት ነው። የኔዋ ፊት ቀጥ አለ።

ድንገት ከወረደች፣ ጉድጓድ ስትገባም የብረት ድምፅ ካሰማች፣ የተሰበረ ሞላ ጠርጥሩ። አብዛኛውን ጊዜ የሚሰበረው ጭቃ ተከማችቶ የሚዝገው የታችኛው ዙር ነው። ሳይታጠብ አይታይም። እኔም በውሃ አጥቤ በባትሪ ሳበራ ነው ያየሁት፤ ጣት የሚያህል ስብራት መቀመጫው ውስጥ ተደብቋል። ባሌስትራ ላይ ደግሞ የተሰበረ ቅጠልና የተቆረጠ የመሃል ቡሎን ፈልጉ።

ቀስ በቀስ ከወረደች ሞላው ደክሟል።

ከጋራዥ እንደወጣች ካጋደለች ግን ሞላውን አትውቀሱ። ጫፉ መቀመጫው ላይ በቦታው ላይገባ፣ ከሥሩ የሚነጠፈው ላስቲክም ሊረሳ ይችላል። ሌላም አለ፦ የቦኮላዎቹ (የእግሯ ዘንጎች መጋጠሚያ ላይ ያሉት ላስቲኮች) ቡሎን መኪናዋ ተንጠልጥላ ሳለ ከታሰረ ላስቲካቸው ተጠማዞ ይቀራል፤ አንዱን ጎን ይይዘዋል። መድኃኒቱ ነፃ ነው። ቡሎኖቹን አላሉ፣ መኪናዋን በጎማዋ አቁሙ፣ አወዛውዙ፣ እንደቆመች አጥብቁ።

ሞላ ከተቀየረ በጥንድ ይቀየራል። አንዱን ብቻ ብትቀይሩ አዲሱ ከፍ ብሎ ማጋደሉ ወደ ሌላው ጎን ይዞራል። ከአዲስ አበባው የመለዋወጫ ገበያ ከሶማሌ ተራ ያገለገለ የምትገዙ ከሆነ ሁለቱን ጎን ለጎን አቁሙ። ቁመታቸው፣ የዙራቸው ብዛትና የብረቱ ውፍረት እኩል ይሁን።

የዲኤክሷ የኋላ ሥራ ቀላል ነው። አካሏን በብረት መደገፊያ አቁመን፣ አክሰሉን በክሪክ ይዘን፣ የሾኩን የታች ቡሎን ፈታን። አክሰሉን ቀስ እያልን ስናወርድ ሞላው በእጅ ወጣ። የፍሬን ቱቦው እንዳይወጠር አንድ ሰው ይጠብቅ። የፊቱ ግን ሌላ ነገር ነው። ሾኩና ሞላው አንድ ላይ ናቸው፤ ሞላው በመጭመቂያ ሳይታሰር የላዩ ዳዶ ከተፈታ ሰው ሊገድል ይችላል። በሽቦ አስሬ እሠራለሁ ለሚል ሰው መኪናችሁን አትስጡ።

የሞላ ዙር መሃል የጎማ ቁራጭ መወተፍም፣ ሞላን በእሳት አግሎ መሳብም የተለመደ ነው። የመጀመሪያው ቀሪውን ዙር ያደክማል። ሁለተኛው የብረቱን ጥንካሬ ስለሚያጠፋው ሞላው ተመልሶ ይወርዳል።

ፊቱ ከተነካ አላይመንት (የጎማ አቅጣጫ ማስተካከል) አሠሩ። ሳምንት ነድታችሁም እንደገና ለኩ፤ አዲስ ሞላ ትንሽ ይቀመጣል። የኔዋ አሁን የግራና የቀኝ ልዩነቷ 4 ሚሊ ሜትር ነው።